ምላስሽን አውጪ

ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ቆሜ ነው የሳምቡሳው ዘይት የሸተተኝ። ረመዳን ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጧል። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ሰፊ መጥበሻ ጥዳ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ይህ ሽታ ሌላ ሰው ምራቁን ያስውጠው ይሆናል፤ እኔን ያደክመኛል። ኮልፌ እናቴ ቤት ላፈጥር እየሄድኩ ነው፤ እህቴ ሀያት እንደማትመጣ አውቃለሁ። የምትኖረው እዚያው ቀራንዮ ነው፤ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ግን አትመጣም። ተጣልተን አይደለም። ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፤ ከዚያ ወሬ ያልቅብናል። ሰዎች «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲሉኝ ትዝ የሚለኝ አንድ ረመዳን ብቻ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ሀያት በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። የምንኖረው ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ ነው። አባታችን አየር ጤና መገንጠያው ጋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ሲገባ እጁ ግራሶ ግራሶ ይላል፤ በሳሙና ቢያሸውም አይለቅም። እናታችን ከቤት አትወጣም፤ ከምድጃው ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ከልብስ ማጠቢያው ወደ ምድጃው ስትል ይመሻል። ከግቢው ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ደግሞ እማማ ሩቂያ የሚባሉ አሮጊት ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

እማማ ሩቂያ ደግ አሮጊት አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ሰው የልጅነቱን አሮጊት ሲያነሳ ሁልጊዜ ከረሜላ የሚያድሉ ስለሚያደርጋቸው ነው። እሳቸው ከረሜላ አያድሉም። ይነጫነጫሉ። ቧንቧውን አጥብቀን ካልዘጋን ይቆጡናል፤ ያጠቡት ልብስ ሥር ከሮጥን ይቆጡናል። ስማችንን እንኳን አይለዩትም፤ ለሁላችንም «አንቺ ልጅ» ነበር። በዚያ ላይ ጆሯቸው ይከብዳቸዋል። ከየመስጊዱ የሚለቀቀው አዛን ግቢውን እያናወጠው እሳቸው ዝም ብለው ጎመናቸውን ይቀነጥሳሉ።

ስለዚህ ረመዳን ሲገባ ሀያትን ይፈልጓታል። «አንቺ ልጅ፣ ነይ አዳምጪልኝ» ይሏታል። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ሁለቱ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እማማ ሩቂያ አንዲት ተምር መዳፋቸው ላይ ይዘው የሀያትን ፊት ያያሉ። አዛኑ ሲጀምር ሀያት ጉልበታቸውን ትነካቸዋለች፤ እሳቸውም ቢስሚላህ ብለው ተምሯን ይገምሷትና ግማሿን ይሰጧታል። ሀያት መጾም የጀመረችው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ማንም ጹሚ አላላትም፤ ለዕድሜዋም ገና ነበር። ጠግባ በልታ ከጾመኛ ሴትዮ ጎን መቀመጡ የከበዳት ይመስለኛል። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነሳ ነበር።

እኔ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በልቼ ሄጄ እቀመጣለሁ። እማማ ሩቂያ ለእኔም ከኪሳቸው ተምር አውጥተው ይሰጡኛል፤ ጾመሻል ወይ ብለው አይጠይቁም። ያታለልኳቸው ይመስለኝ ስለነበር ፊቴን የደከመ አስመስዬ ነበር የምቀበላቸው።

ያኔ ሀያት የእኔ ነበረች። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። በብርድ ጊዜ እግሬን በእግሮቿ መሃል እሸጉጠዋለሁ፤ «በረዶ ነሽ» እያለች ታሞቀኛለች። የእናቴን ጥሩውን ቴርሞስ ስሰብር፣ እናቴ ጮሃ ስትመጣ፣ ሀያት ስባሪውን ከእጄ ነጥቃ «እኔ ነኝ» አለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች አልጠየቅኳትም። እህት ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የዚያ ዓመት ረመዳን ከጥቅምት ብርድ ጋር መጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አባቴ ከሱቅ ሲገባ ሀያት ከማፍጠሪያው በፊት ከንፈሯ ደርቆ አገኛት። ምን ሆነሽ ነው ሲላት እናቴ «ጾማ ነው» አለችው። አባቴ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስቦ ግንባሯን ሳማት።

ስለ አባቴ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ አለበለዚያ እበድለዋለሁ። እሱ ጾምን የተማረው በአርጩሜ ነው። ልጅ ሆኖ ከወንዝ ውሃ ሲጠጣ አባቱ አግኝተውት እየገረፉ ቤት አደረሱት። ይህን ሁልጊዜ እየሳቀ ነበር የሚያወራው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ምልክት ግን አያሳየንም። «እኔ ልጆቼን በዱላ አላስተምርም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አንድ ቀን እጁን አንስቶብን አያውቅም። ዱላውን ሲጥል በቦታው የሚያስቀምጠው ነገር መፈለግ ነበረበት፤ ያገኘውም ስጦታን ነው።

ያን ዕለት ሾርባውን እየጠጣ አወጀ። እስከ ዒድ ሳታፈርስ የጾመች ልጅ አየር ጤና ከሚገኘው ሱቅ ራሷ የመረጠችውን ጫማ ይገዛላታል። ያፈረሰች ያምናውን ጫማዋን አድርጋ ትወጣለች። እሱ ቀን ቀን ስለማይኖር እኛው እርስ በርሳችን እንድንጠባበቅ ተወሰነ። «አንቺ እሷን ጠብቂያት፤ እሷም አንቺን» አለ። ፊቱ በራ፤ ለእሱ ጨዋታ ነበር። እናቴ ጭልፋዋን ድስቱ ላይ አስቀምጣ ይሄ ነገር ይቅርባቸው አለችው። ልጅ ማበረታቻ ይፈልጋል ብሎ መለሰላት። ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም።

የጫማውን ሱቅ እናውቀው ነበር። ሀያት የምትፈልገው ትንሽ ተረከዝ ያለው ቀይ ጫማ ነበር፤ የትልልቅ ልጆች ዓይነት። እኔ ሲረገጥ ከሥሩ መብራት ብልጭ የሚለውን ነበር የምፈልገው። ስለዚህ እኔም ጾመኛ ሆንኩ። አላህ ያያል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሚያይ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። አባቴ ከተናገረ በኋላ ገባኝ፤ በሀያት ዓይን ነው የሚያየው። ያየውን ለአባቴ ይነግረዋል፤ አባቴ ደግሞ ጫማውን ይገዛል። እንደዚያ ነበር ነገሩ በእኔ ጭንቅላት።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ልጆች ጾመኛን የሚለዩት በምላስ ነው። የጾመ ሰው ምላስ ነጭ ይሆናል፤ የበላ ሰው ምላስ ቀይ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ሀያት ይህን ሕግ ቤት ይዛው መጣች። «ምላስሽን አውጪ» ትለኛለች፤ አወጣለሁ፤ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዙራ ታያለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። የእሷንም አይ ነበር፤ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ቀን እየገፋ ሲሄድ ሳቁ ቀረ። ከሽንት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ አጠገቤ ትቆማለች፤ አፌን ስጉመጠመጥ ጉሮሮዬን ታያለች። እረፍት ሰዓት ላይ ከጓደኞቿ ተነጥላ መጥታ የእኔን ክፍል በር ትጠብቃለች። እናቴ ሌላ ጊዜ ታናሽሽን እዪ ብላ ስትለምናት ስንት ሰበብ የምታመጣ ልጅ፣ አሁን ማንም ሳይለምናት ከእኔ አትለይም ነበር።

አንድ ቀን አቃተኝ። ስፖርት ተጫውተን ፀሐዩ ማጅራቴን አቃጥሎት ነበር። የትምህርት ቤቱን ቧንቧ ከፍቼ እስኪበቃኝ ጠጣሁ። የዚያን ውሃ ጣዕም ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የብረት ብረት ይል ነበር። ከጠጣሁ በኋላ ምላሴ ትዝ አለኝ። ሮጬ ክፍል ገባሁና ከጥቁር ሰሌዳው ሥር የወደቀ ጠመኔ አንስቼ በምላሴ ላስኩት። ከንፈሬንም ቀባባሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሀያት መንገድ ላይ ያዘችኝ። ምላሴን አየች። ከዚያ የግራ እጇን ጣት ሰድዳ ምላሴን ጠረገችው፤ ጣቷ ነጭ ሆነ። ያቺን ጣት ሳትታጠብ፣ ከቀሚሷ ጋር እንኳን ሳታነካካ፣ ወደ ላይ ቀስራ አባቴ እስኪመጣ ቆየች። በቀኝ እጇ ነው ያፈጠረችው። አባቴ ገብቶ ሲቀመጥ ጣቷን ዘረጋችለት።

አባቴ ጠመኔ መሆኑን ሲሰማ እስኪያለቅስ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ሕግ ሕግ ነው፤ ሰሚራ ጫማ የላትም አለ። ሀያትን ራሷን እየዳበሰ፣ «ጎበዝ፤ አንቺ ልጄ ነሽ» አላት። እንዲሁ የሚባል ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ይለዋል። እኔ ግን ሾርባዬ ላይ አፍጥጬ፣ ታዲያ እኔ የማን ልጅ ነኝ ብዬ በጣም አሰብኩ። ስንተኛ እግሬን ወደ ሀያት ስሰደው ትራሱን መሃላችን አስገባች።

ተሸንፌያለሁና ከዚያ በኋላ ማንም የሚጠብቀኝ አይመስለኝም ነበር። ሀያት ግን አላቆመችም። አባቴ በየማታው ዛሬስ እንዴት ዋላችሁ ይላታል፤ እሷም የምትነግረው ነገር ያስፈልጋታል። ሰሚራ ዳቦ በላች፤ ሰሚራ የጎረቤት ጁስ ጠጣች። እሱም ሱቅ ውሎ የደከመ ሰው ነው፤ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ስታወራው ደስ ይለዋል። ስለ ሌላ ነገር ቢጠይቃት ኖሮ ስለ ሌላ ነገር ታወራው ነበር። በዚያ ወር ግን የጠየቃት ስለ እኔ ብቻ ነው።

ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ደግሞ ዋናው ሰዓት ሆነ። እናቴ ሳምቡሳ የምትጠብስበት፣ እኔ ከምድጃው አካባቢ የምዞርበት ሰዓት ነው። ሀያትም እዚያው ከእኔ ጋር። አንድ ማታ አፍጥረን፣ አባቴም ገብቶ፣ ሾርባው ሁለተኛ ዙር ሲቀዳ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ግቢው ጨልሟል። እማማ ሩቂያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ወደ እኛ በር እያዩ ነበር። ተምሯ መዳፋቸው ላይ ነበረች።

ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ነካሁ። ቀና ብለው አዩኝ፤ የጠበቁት ሌላ ሰው ነበር።

«ብሏል?» አሉኝ።

ከቆየ ቆይቷል ብዬ በጆሯቸው ጮህኩ። ተምሯን ገመሷትና ግማሿን ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ያን ወር ሙሉ ምላሴን ሳወጣ ከርሜ፣ ሳይያዙ መናገሩ ይሻላል ብዬ ነው መሰለኝ፣ እየጮህኩ እውነቱን ነገርኳቸው። «እማማ፣ እኔ አልጾምኩም! በልቻለሁ!»

ፊታቸው ተቆጣ። «ጾምሽ ወይ አልኩሽ? ተቀበዪ እንጂ፤ እጄ ዛለ።»

ተቀበልኩ። ጠግቤ ነበር፤ እንደዚያ ግን የጣፈጠኝ ተምር የለም። ከማግስቱ ጀምሮ ድንጋዩ ላይ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። አላመሰገኑኝም፤ አሁንም «አንቺ ልጅ» ነበርኩ፤ አሁንም በቧንቧው ይቆጡኛል። አዛኑ ሊጀምር ሲል ግን ፊቴን ያዩኛል፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። ባረፍድ ይርባቸዋል፤ ብቸኩል ጾማቸው ይበላሻል። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ ትንሽ ነው።

የዒድ ዋዜማ አባቴ ሁለት ካርቶን ይዞ ገባ። እናቴ ናት ያስገዛችው። አንዷ በአዲስ አንዷ በአሮጌ ጫማ ይወጣሉ ወይ፣ ሰው ምን ይላል ብላ ሳምንቱን ሙሉ ጨቅጭቃዋለች። እሱም ቢሆን ልቡ አልቻለም፤ ሱቁ ገብቶ አንድ ብቻ ገዝቶ መውጣት አቃተው። ለሀያት ቀዩን ሰጣት። ለእኔ ሌላውን ካርቶን ሲሰጠኝ እየሳቀ ነበር። ከፈትኩት፤ አደረግኩት፤ መሬቱን ስረግጠው ከሥሩ ብልጭ አለ። እስከ በሩ ድረስ እየረገጥኩ ሄድኩና ሀያት ታይልኝ ብዬ ዞርኩ።

ሀያት ጫማዋን አላደረገችውም። አንዱን እጇ ላይ ይዛዋለች፤ ውስጡ የተጠቀጠቀው ወረቀት ገና አልወጣም። እግሬ ሥር የሚበራውን መብራት እያየች ነበር።

«እሷ ጾማ ነው?» አለች።

አባቴ ዒድ መሆኑን፣ እኔም እህቷ መሆኔን፣ ሁላችንም ደስ ሊለን እንደሚገባ ነገራት። እየሳቀ ጀምሮት ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሳቁ አልቋል።

«ታዲያ እኔ ለምን ጾምኩ?» አለችው።

አባቴ ከመደርደሪያው ላይ የሚያውቀውን ዕቃ እንዳጣ ባለሱቅ ቆሞ ቀረ። ወደ እናቴ አየ፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ታስተካክላለች። በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ለአላህ ነዋ» አላት። እሱ ራሱ ሲለው የሰማው አይመስልም ነበር።

ሀያት አላለቀሰችም። ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን በደንብ ገጠመችው። በማግስቱ አድርጋው ወጣች፤ ተረከዙ እያደናቀፋት ከእናቴ ጎን ሄደች። ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ያምራል አላት። ለሁሉም አላህ ይስጥልኝ እያለች መለሰች።

የሚቀጥለው ዓመት ረመዳን ሲገባ አባቴ ስለ ስጦታ አላነሳም። ስለ መጠባበቅም አላነሳም። የተማረ ይመስለኛል፤ ግን መማሩን እንዴት እንደሚነግረን አላወቀበትም። በመጀመሪያው ቀን ለሱሁር ሲቀሰቅሰን በሩ ላይ ቆሞ በለሆሳስ ነበር የጠራን። ሀያት ሆዴን ያመኛል አለች። ገብቶ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አሳበላትና ተኚ አላት። እኔ ተነሳሁ። ማታ ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ እንደ እማማ ሩቂያ ርቦኝ መቀመጥ ፈልጌ ነበር። አባቴና እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ፍርፍር በሻይ በላሁ፤ የንጋቱ አዛን ሲል ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ማንም አላጨበጨበልኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጾመኛ ነበርኩ።

ነግቶ ትምህርት ቤት ልንሄድ ስንል ማበጠሪያዬን ፍለጋ ማድ ቤት ገባሁ። ሀያት ከበሩ ጀርባ ቆማ ዳቦ ትበላለች። ስታየኝ ደንግጣ እጇን ከጀርባዋ ሸሸገች፤ ጉንጯ ሙሉ ነበር። አባቴ ሱቅ ሄዷል። የሚጠይቃት የለም፤ የምትከለከለው ነገርም የለም። የደበቀችው ከእኔ ነበር።

«ለማንም አልናገርም» አልኳት።

የጎረሰችውን ዋጠች። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

አላመነችኝም። የቀረውን ዳቦ ከጀርባዋ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ብዪ እንግዲያው» አለች። ልግስና እንዳልሆነ ስምንት ዓመት ላለፈው ልጅ ግልጽ ነበር። እኔም ከበላሁ መናገር አልችልም፤ ለዚያ ነው። ጾሜን ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ብላት ግን ካምናው የባሰ ነገር እንደሚሆን ታወቀኝ፤ እኔ ጾመኛዋ፣ እሷ ያፈረሰችው ልንሆን ነው። ደግሞም ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶት ነበር። ከዚያ ከትራሱ ማታ ወዲህ እንደዚያ ቀርባኝ አታውቅም።

ዳቦውን ተቀብዬ በላሁ። እስክውጠው ድረስ አፌን አፌን እያየች ጠበቀች። እንደዋጥኩ ስታውቅ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቦርሳዋን አነገተች፤ እኔን ሳትጠብቅ ሄደች።